አርባው ከየትኛው ቀን ይቆጠር?

ቦሎኛ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ገሳይ።

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ድንቹ ወጥቶ አለቀ? ሦስት ወር ሙሉ ዝም በማለቴ ይቅር ይበሉኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ልጽፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀደድሁት። ይህን እንደ ወትሮው በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ፣ ደብረ ታቦር ፎቶ ኮፒ ቤት ላለው ለሐሰን ልኬዋለሁ። ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ አትሞ ይሰጥዎታል፤ መልስዎንም ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል።

በላክሁት ፎቶ ላይ ዓይኔ ለምን ቢጫ እንደሆነ ጠይቀውኛል። ሐሰን የማተሚያው ቀለም ነው ብሎ ሊያጽናናዎ እንደሞከረም ጽፈዋል። ቀለሙ አይደለም አባባ፣ ጉበቴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በደሜ ውስጥ የኖረ ቫይረስ ቀስ እያለ ሲበላው ኖሮ አሁን የቀረው ጥቂት ነው። በሌላ ሰው ጉበት ካልተተካ የሚመጣውን ዓመት አላይም ብለውኛል። ይኸው ጻፍሁት። በስልክ ቢሆን አልናገረውም ነበር። ጆሮዎ እምቢ ማለቱ ለዚህ ሳይጠቅመኝ አልቀረም።

ስሜ ተራ ከሚጠብቁት ጋር ተመዝግቧል። ጉበቱ የሚመጣው በድንገት ከሞተና ቤተሰቡ ከፈቀደለት ሰው ነው። አሁን ግን አንድ ወረቀት ሰጥተውኝ መፈረም አቅቶኛል። እስከ ዛሬ ጉበት ከሟቹ ወጥቶ የሚጓዘው በበረዶ ሣጥን ነው። እዚያ ይተኛል፤ ብዙ ሰዓት ከተኛ ደግሞ ሲነቃ ይታመማል። አሁን በሰው ገላ ሙቀት፣ በሠላሳ ሰባት ዲግሪ፣ ደም እያዞረበት የሚያቆየው ማሽን አምጥተዋል። ጉበቱ ይሥራ አይሥራ ሳይተክሉት በፊት ያዩታል። ችግሩ፣ ሙቀቱ ለጀርምም ይመቻል። በፈሳሹ ውስጥ አንዲት ጀርም ገብታ ከሆነ በበረዶው ዝም ብላ ትቆያለች፤ በሙቀቱ ግን ትራባለች። እኔ ደግሞ ገላዬ አዲሱን ጉበት ባዕድ ነው ብሎ እንዳይጥለው መከላከያዬን የሚያደክም መድኃኒት እወስዳለሁ። ያኔ ትንሿም ጀርም ልትጥለኝ ትችላለች። የቱ ይሻላል ብዬ ጠየቅኋቸው፤ እሱን ለማወቅ ነው የምናጠናው አሉኝ። ሐቀኞች ናቸው። ትንሽ ውሸት ቢጨምሩበት ደስ ይለኝ ነበር።

ከፈረምሁ በማሽኑ ይመጣልኛል፤ ካልፈረምሁ በበረዶ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ? እባክዎ ለማንም አይንገሩ።

ልጅዎ ገነት

ገሳይ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለገነት አያሌው።

እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። ይህን የጻፍሁት ከልማድ ነው፤ ደብዳቤሽን ካነበብሁ ወዲህ ደኅና አይደለሁም። ሐሰን ወረቀቱን ሲሰጠኝ አላነበብሁም ለማለት ፊቱን አዙሮ ነው የሰጠኝ። አንብቦታል። ሻይ አዘዘልኝ፤ በዘመኑ ሻይ አዝዞልኝ አያውቅም።

ተቆጥቻለሁ። ሦስት ወር! እናትሽ አሰለፈች በሕይወት ብትኖር ቁጣውን ለሷ ትቼ እኔ ማባበሉን እይዝ ነበር። አሁን ሁለቱም በኔ ላይ ወድቋል፤ የቱን እንደማስቀድም አላውቅም።

ለጠየቅሽኝ ልመልስ። ሠላሳ ዓመት የዘር ድንች ያቆየሁ ሰው ነኝ። የሚያቆየውስ ከጉና የሚወርደው ብርድ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ማቆያ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ድንቹ ይተኛል፤ እስከሚዘራበት ቀን ምንም አይሆንም። አንድ ዓመት የሣሩን ጣሪያ አንሥቼ ቆርቆሮ ባለብሰው ቤቱ ሞቀ። ድንቹ ያለ ጊዜው በቀለ። አንዱ መበስበስ ሲጀምር ሳምንት ሳይሞላው ክምሩ ሁሉ ረጠበ። ሽታው እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም። ስለዚህ በበረዶው ይሁን። አትፈርሚ።

ደግሞ ሐሰን ከስልኩ ላይ አንብቦ ጻፈልኝ፤ ከሕያው ሰውም ቆርጠው ይወስዳሉ፣ የተቆረጠውም ተመልሶ ያድጋል ይላል። ታዲያ የኔ እያለ የማን ይጠበቃል? ልምጣ። ጉበቴ ጠላ እንጂ አረቄ አያውቅም። ለመንገዱ ጫማ ገዝቻለሁ።

ለማንም አልተናገርሁም። ጎረቤቴ አያ ይሻው ምን ሆነሃል እያለ ይመላለስብኛል። ጥርሴን አሞኝ ነው አልሁት። ስንት ጥርስ ቀርቶኝ!

አባትሽ አያሌው

ቦሎኛ፣ ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ።

እንዴት ከረሙ? የጥርሱ ነገር አሳቀኝ፤ የጉበቱ ነገር አስለቀሰኝ። አልወስድም አባባ። ሰባ ሦስት ዓመትዎ ነው፤ ሐኪሞቹም በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው አንነካም ብለዋል። ጫማውን ለቤተ ክርስቲያን ያድርጉት። ልምጣ ያሉትን ግን አሳትሜ፣ ቆርጬ ከትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ፤ ይህን ልደብቅዎ አልፈልግም።

ማሽኑን አየሁት። ነርሷ አሳየችኝ። የሌላ ሰው ተራ ነበር፤ እኔ ከመስተዋቱ ወዲህ ቆሜ አየሁ። ጉበቱ ከክዳን ሥር ተኝቷል ልል ነበር፤ አልተኛም። ደሙ ሲገባበት ከፍ ይላል፣ ሲወጣ ዝቅ ይላል። ላብ አውጥቷል። ከጎኑ በቀጭን ቱቦ ሐሞት ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከአንዱ ሰው ወጥቷል፤ ወደ ሌላው ገና አልገባም፤ የማንም አይደለም። ሥራውን ግን አላቋረጠም። ለማን ነው የሚሠራው እያልሁ ምን ያህል እንደቆምሁ አላውቅም። ከዚያ ስወጣ መንገዱም፣ አውቶቡሱም፣ ሰዉም ውኃ ውስጥ ያለ መሰለኝ። ሰው ሲያናግረኝ ከሩቅ ነው የሚሰማኝ። እስከ አሁንም ግማሼ እዚያ ክዳን ሥር ነው።

በሥራዬ የሆቴል አንሶላ አጥባለሁ። በስድሳ ዲግሪ ሲታጠብ ጀርም ይሞታል ብለው አስተምረውናል። በሠላሳ ሰባት ግን ምንም አይሞትም፤ ሁሉም ይኖራል። ይኸው ነው የሚያስፈራኝም የሚያጓጓኝም። ምክርዎን ተቀብዬ አልፈረምሁም። ወረቀቱንም ግን አልመለስሁም።

ልጅዎ ገነት

ወንዛዬ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለገነት።

ደብዳቤ የዘገየብሽ ፍል ውኃ ገብቼ ነው። ጉልበቴ እንቢ ብሎኝ ሰባት ቀን እዚህ ሰነበትሁ። የቀረውን ድንች ዓለሚቱ፣ የአያ ይሻው ሚስት፣ ታይልኛለች።

ትናንት እስከ አንገቴ ውኃው ውስጥ ተቀምጬ ሳለ እንቅልፍ ይሁን ሌላ ነገር ወሰደኝ። እንፋሎቱ ውስጥ እናትሽ መጣች። ቀሚሷ አልረጠበም። አጠገቤ ተቀመጠችና ጉልበቴን እንደ ድሮዋ ትጫነው ጀመር። ጆሮዬም የሰማ መሰለኝ፤ የውኃው ድምፅ ነበር፣ ስድስት ዓመት ያልሰማሁት። ስነቃ እሷ የለችም። እግሬ ግን ተዘርግቷል። ወጥቼ ሳልደገፍ ተራመድሁ።

በዚያው ቀን እግሯ የቆሰለ ሴት መጣች። አስተናባሪው ሁላችንም ከወጣን በኋላ ብቻዋን አስገባት። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ ሙቅ ውኃ ቁስል ያጋባል ብሎ በምልክት አስረዳኝ። አየሽ፣ እኔን ያስነሣኝና ቁስሉን የሚያጋባው አንድ ውኃ ነው።

ብዙ አሰብሁ። ድንች የተፈጠረው ሊተኛ ነው። ጉበት ግን ሰው ከተፈጠረ ጀምሮ አንድ ቀን ተኝቶ አያውቅም። ዶሮ የታቀፈችውን ዕንቁላል ማቆያ ቤት ወስጄ ጫጩት አልጠብቅም። የማውቀው ድንች ብቻ ስለሆነ በድንች መለስሁልሽ፤ ተሳስቻለሁ። ፈርሚ። ክፉ ነገር ቢመጣ ጥፋቱ የኔ ይሁን።

አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ያ የሚሞተው ሰው የክርስትና ስሙ ማን ነው? ዛሬ እንኳ ገና በሕይወት አለ። ምናልባት ጫማውን እያሰረ ነው፤ ምናልባት ገበያ ወጥቷል። ይህን ሳስብ ልጄን አድንልኝ ብዬ መጸለይ አፈርሁ፤ የሱን ሞት መለመን እንዳይሆንብኝ። ስሙን ስታውቂ ለቄስ አስናቀ እሰጥለታለሁ።

አባትሽ አያሌው

ቦሎኛ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ።

ፊደሌ ቢጣመምብዎ ተኝቼ ስለምጽፍ ነው። አለሁ። ጥር 7፣ በሥላሴ ዕለት፣ ተተከለልኝ። ከሌላ ከተማ ነው የመጣው። አሥራ ሦስት ሰዓት በማሽኑ ቆይቷል። ሐሞቱ ጠብ ሲል አይተው ይሠራል ብለው ወሰኑ። ገላዬ ውስጥ ሲገባም ሙቅ እንደነበረ ነግረውኛል። ዓይኔ ነጭ ሆኗል፤ መስተዋት ሲሰጡኝ እናቴን ያየሁ መሰለኝ።

ስሙን ጠየቅሁ። ሕጉ አይፈቅድም። ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አይነግሩኝም። የሞተበትን ቀንም ጠየቅሁ፤ እሱም አይነገርም። እዚህ ሰው ሞቷል የሚሉት አንጎሉ ሲያቆም ነው፤ ልቡ ግን ለጥቂት ጊዜ እንዲመታ ያደርጉታል። ስለዚህ ቀኑ ለነሱም አንድ አይመስለኝም።

ማንም አይነካኝም። የሚገባው ሁሉ ተሸፋፍኖ፣ እጁን ታጥቦ ነው። ዓይን ብቻ ነው የማየው። ትንሽ ትኩሳት አለኝ፤ ምንም አይደለም ብለዋል።

ልጅዎ ገነት

ገሳይ፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ገነት፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ።

ሐሰን ገና ከሩቅ ሲያየኝ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አወዛወዘው። ቤት እስክደርስ አላስቻለኝም፤ መናኸሪያው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ሰው ያየኛል ሳልል አለቀስሁ። ደስ ብሎኛል፤ ከዚህ ሌላ ቃል የለኝም።

አሁን ያ ሰው አለ። ልጄ በሱ ቆማ እኔ ዝም ብዬ ድንቼን ስኮተኩት አልኖርም። ተዝካሩን በኔ ቤት አወጣለታለሁ። ቄስ አስናቀ ዘንድ ሄጄ ተዝካር አለብኝ አልሁት። የማን ብሎ ጻፈልኝ። የእንግዳ አልሁት። ስሙ? አላውቅም። የሞተበት ቀን? አላውቅም። ቁልቁል አየኝና «የታመመው ጆሮህ ብቻ መስሎኝ ነበር» ብሎ ጻፈ። ያኔ ምሥጢሩን ለሱ ብቻ ገለጥሁለት፤ የንስሐ አባቴ ነውና አትቆጪኝ።

ያስቸገረን ቀኑ ነው። አርባው ከየትኛው ቀን ይቆጠር? አንጎሉ ካቆመበት? ልቡ ካቆመበት? ወይስ ጉበቱ ወዳንቺ ከገባበት? በበረዶ መጥቶ ቢሆን ያን የቀዘቀዘበትን ቀን እይዝ ነበር። ይህ ግን አንዴም አልቀዘቀዘም። ቄስ አስናቀ ብዙ ካሰበ በኋላ፣ ከጥር 7 ቁጠር፣ ስሙን እግዚአብሔር ያውቀዋል አለኝ። የካቲት 16 እሑድ ይውላል፤ በማግሥቱ ዐቢይ ጾም ይገባል። ዓለሚቱ የተዝካር ጠላ ልትጠምቅልኝ ነው። የማን እንደሆነ አልነገርኋትም፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ።

ትኩሳቱ እንዴት ሆነ? ይህን መልሺልኝ።

አባትሽ አያሌው

ገሳይ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ገነት፣

ሰላምታ አልጽፍም፤ ማን እንደሚያነበው አላውቅምና። ደብዳቤሽ ከቀረ ከሦስት ሳምንት በላይ ሆነ። ሐሰን ደውሎልሻል። ይጠራል፣ አይነሣም።

ትናንት እሑድ ማለዳ በሬን ስከፍት ግቢዬ ሰው ሞልቶታል። አያ ይሻው ከፊት ነው፤ ነጠላውን አዘቅዝቋል። ሴቶቹ መቀነታቸውን አጥብቀው ታጥቀዋል። ሰው ለመርዶ ሲመጣ እንዴት እንደሚቆም አውቃለሁ፤ እኔም በስንቱ ደጃፍ እንዲያ ቆሜያለሁ። አፋቸው ሲከፈት አየሁ። መስማት አላስፈለገኝም። ለሐሰን ወሬ መጥቶለት፣ እሱም ለነሱ ነግሮ፣ ሊያረዱኝ የመጡ መሰለኝ። ወደቅሁ፤ አነሡኝ። ስምሽን እየጠራሁ አለቀስሁ። እነሱም አብረውኝ አለቀሱ። እስከ ቀትር እንዲያ ሆንን።

በኋላ ዓለሚቱ ፊቴን ስታጥበኝ ወረቀት አመጣሁና ለአያ ይሻው ሰጥቼ «ማን ነገራችሁ?» አልሁት። ፊደሉን እየፈለገ ብዙ ቆየበት። «አንተ ነህ እንጂ። የተዝካር ጠላ አስጠመቅህ፤ የማን እንደሆነ ግን ደበቅኸን። ልጁ ሞታበት ብቻውን ይዞት ነው ብለን መጣን» ብሎ ጻፈልኝ።

እኔ ከነሱ አወቅሁ፤ እነሱ ከኔ። የነገረን ማንም የለም። ሳቅ መጣብኝና ሳቅሁ። ከዚያ ግን ትኩሳት አለኝ ብለሽ መጥፋትሽ ትዝ አለኝ፤ ሳቁ እዚያው ቆመ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ማሽኑንም፣ ሙቀቱንም፣ ስም የሌለውንም ሰው። አንድም ሰው ወደ ቤቱ አልሄደም። አያ ይሻው ነጠላውን አስተካክሎ ሊለብስ ይጀምርና ይተወዋል፤ እንዴት እንደሚለብሰው አላወቀም። ዛሬም ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። የኛ ነገር ለቅሶ ይሁን ጸሎት አይታወቅም።

ካለሽ አንዲት ቃል ላኪልኝ። ፈርሚ ያልሁሽ እኔ ነኝ። ይህን ይዤ እንዴት እንደምኖር አላውቅም።

አባትሽ

ቦሎኛ፣ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣ አለሁ። መጀመሪያ ይህን ያንብቡ። አለሁ።

ስልኬን የመለሱልኝ ዛሬ ነው። ትንሽ ብዬ የጻፍሁት ትኩሳት ያኔም ትንሽ አልነበረም፤ ዋሸሁዎት። በማግሥቱ ደሜ ውስጥ ኢንፌክሽን አገኙ፤ ከዚያ ወዲያ ብዙ ቀን ራሴን አላውቅም። ሕልም ብቻ ነበር። ድንች ማቆያ ቤቱ ውስጥ ነኝ፤ ብርሃኑ በቀርቀሃው መካከል ይገባል፤ ድንቾቹ ሁሉ በቀስታ ይተነፍሳሉ። እኔም ከነሱ ጋር ለመተንፈስ እሞክራለሁ፤ እነሱ ይቀድሙኛል። አላስፈራኝም። እዚያው ብቀር ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ልንገርዎ።

ጉበቱ ከቆየበት ፈሳሽ ጥቂት አስቀምጠው ስለነበር መረመሩት። ከደሜ ያገኟት ጀርም እዚያም ነበረች። ይህን አንብበው ራስዎን እንዳይወቅሱ። በበረዶ ቢሆንስ ኖሮ ብዬ ሐኪሙን ጠየቅሁት። «ጀርሟ አንሳ ትመጣ ነበር ይሆናል። ጉበቱም ሳይነቃ ይቀር ነበር ይሆናል። አላውቅም» አለኝ። ማንነቷን ስለለዩ የሚገድላትን መድኃኒት መርጠው ሰጡኝ፤ ትኩሳቱ ለቆኛል። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው አባባ። እርስዎ ፈርሚ ባይሉኝም ልፈርም ነበር፤ ብቻዬን መፈረም ፈርቼ ነው የጠየቅሁዎት።

የተለቀሰልኝን ሳነብ ስፌቴን በሁለት እጄ ይዤ ሳቅሁ። ከዚያ አያ ይሻው ፊደል ሲፈልግ ታየኝና አለቀስሁ።

ሆስፒታሉ ስም የሌለው ደብዳቤ ለሟቹ ቤተሰብ ያደርሳል። አሥር ጊዜ ጀምሬ አቃተኝ፤ እኔ ያለሁት እነሱ ስላጡ ነው፤ ምን ብዬ ልጀምር? እርስዎ ይጻፉልኝ። እኔ እተረጉመዋለሁ።

ልጅዎ ገነት

ገሳይ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ሐሰን ቅዳሜን ሳይጠብቅ ሱቁን ዘግቶ ገሳይ ድረስ ይዞልኝ መጣ። ግቢ የነበረው ሰው ሁሉ እየተቀባበለ አነበበው፤ ማንበብ የማይችሉትም ያዙት። ዓለሚቱ እልል ስትል አየኋት። አያ ይሻው ነጠላውን አስተካክሎ ለበሰ።

ከዚህ በታች ያለውን ተርጉሚ። አታሳምሪው።

ለማላውቃችሁ ቤተሰቦች፣

ስሜን አጥፍተው ነው የሚሰጧችሁ አሉ፤ ስለዚህ አልጽፈውም። ድንች የማመርት ሽማግሌ ነኝ። ጆሮዬ አይሰማም። ልጄ በእናንተ ሰው ጉበት በሕይወት አለች። አመሰግናለሁ ልል ነበር፤ ለሞት ምስጋና እንዴት እንደሚጻፍ ስላላወቅሁ ተውሁት።

የሞተባችሁ ወንድ ይሁን ሴት፣ ወጣት ይሁን አዛውንት አልነገሩንም። በኛ አገር ሰው ሲሞት ጎረቤት ማልዶ መጥቶ ያለቅሳል። የእናንተን ሰው የሚያውቅ እዚህ አልነበረም፤ እኔም ነገሩን ደብቄው ነበር። ጎረቤቶቼ ግን በስህተት መጡ፤ ልጄ የሞተች መስሏቸው። እኔም መሰለኝ። ከማለዳ እስከ ቀትር አለቀስን። ልጄ አለሁ ብላ ስትጽፍ አንዱ ጎረቤቴ፣ ታዲያ ያለቀስነው ለማን ነው ብሎ ጠየቀኝ። የሞተ ሰው አለ፣ ለሱ ነው አልሁት። ተስማማ።

ትናንት አርባውን አወጣን። ቄሱ ሲጸልይ ከስሙ ላይ ደርሶ ዝም አለ፤ አፉ መቆሙን አየሁ። የተቀመጠው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። ሁለተኛ ጊዜ አለቀስን። የመጀመሪያው በስህተት ነበር፤ ይህ ግን የእናንተን ሰው ብለን ነው።

ስሙን አልጠይቃችሁም፤ ሕጉ ከልክሏል። ቀኑን ግን በግምት ነው የያዝሁት፤ ቄሱ ከጥር ሰባት ቁጠር ስላለኝ። እናንተ አጠገቡ ነበራችሁ። ቀኑ ያ ካልሆነ ላኩልኝ፤ ሙት ዓመቱን በትክክለኛው ቀን እንድናወጣ።